ከኋላ ረድፍ የዘገየው ሰውዬ

እኛ ቤት ክሊፕ በዝምታ ታይቶ አያውቅም። ዘፋኙ ስለ ፍቅሩ እንባ ሲያፈስ እናቴ ድምፁን ትቀንስና «ይኼ የቆመበት ግቢ የማን ነው? አበባውን እኮ እየረገጠው ነው» ትላለች። ዘፋኟ ቀሚስ በቀሚስ ስትለዋውጥ እናቴን የሚያሳስባት፣ በዚያ ገላጣ ሜዳ ላይ የት ተደብቃ እንደምትቀይር ነው። እኔም ከእሷ የወረስኩት ይህንኑ ነው። ዘፈን በጣም እወዳለሁ፤ ግን ክሊፕ ሳይ ዓይኔ ዘፋኙ ላይ አይቆይም። ከኋላው የምታልፈውን ዶሮ ተከትሎ ይሄዳል።

ስልክ ስይዝ አመሉ ባሰብኝ። የወደድኩትን ክሊፕ፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት መስመር ጽፌ፣ የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ግሩፑ ግን የተከፈተው ለለቅሶና ለሠርግ መጠራሪያ ነበር። አንድ ቀን አጎቴ የአንድ ዘመዳችንን የቀብር ሰዓት ጽፎ ኖሯል። እኔ መልእክቱን ሳላይ፣ ልክ ከሥሩ፣ «ይኼ ሰውዬ ግን ወገቡ ላይ አጥንት የለውም እንዴ?» የሚል ጽሑፍ ያለበት የጭፈራ ክሊፕ ለቀቅኩ። ከቀብር መልስ ታናሽ ወንድሜ ስልኬን ከእጄ ተቀብሎ የራሴን ቻናል ከፈተልኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ የምትዪውን ሁሉ እዚህ በይ። ሰው ሲሞት እዚያ እንዳትመጪ» አለኝ።

የመጀመሪያዎቹ ተከታታዮቼ እሱና እናቴ ነበሩ። እሱ ይሉኝታ ይዞት ነው፤ እናቴ ደግሞ መውጫውን ስለማታውቅ። ቀስ በቀስ ግን የማላውቃቸው ሰዎች መምጣት ጀመሩ፤ አብዛኞቹ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ናቸው። የምጽፈው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ቤቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ጃኬቴን እስከ አንገቴ ዘግቼ ደሴ ላይ እሳፈራለሁ፤ ኮምቦልቻ ስወርድ ጃኬቱ ክንዴ ላይ ነው። መሐል ላይ ያለው ቁልቁለትና ጠመዝማዛ የእኔ የጽሑፍ ሰዓት ነው። ፊደሎቼ የተዘበራረቁበት ጽሑፍ ካያችሁ ኩርባ ላይ የተጻፈ ነው ብዬ ተከታታዮቼን አስጠንቅቄያለሁ።

ምን ምን እጽፍ ነበር? ለምሳሌ አንድ ክሊፕ አለ፤ ልጅቷ ፍቅረኛዋን ትታ ሻንጣ ይዛ ከቤት ትወጣለች። ልጁ በር ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። እኔ ከሥሩ፣ «ሻንጣዋን እዩት፤ እንደ ዘንቢል እያወዛወዘችው ነው። ባዶ ነው። ስለዚህ ትመለሳለች፤ ተነሥ ወንድሜ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላው ላይ ዝናብ የሚደበድበው ዘፋኝ አለ፤ ከኋላው ያለው አስፋልት ግን ደረቅ ነው፤ ልብ ብላችሁ ካያችሁ የውሃ ጎማ የያዘ ሰው ጥላው ግድግዳው ላይ ይታያል። «ይኼ ሰውዬ ቢያዝንም ቢያንስ ሰፈራቸው ውሃ አልጠፋም» አልኩ። ይህችኛዋ በተለይ ደሴ ውስጥ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰች፤ ምክንያቱን የደሴ ሰው ያውቀዋል።

እንዲህ እየቀለድኩ ስኖር፣ አንድ ተከታታይ ከቪዲዮ ካሴት የተገለበጠ የድሮ ክሊፕ ላከልኝ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ከታች በኩል ነጭ መስመሮች ይርመሰመሳሉ። ልጅ ሆኜ በበዓል ቀን አይቼው ነበር። የተቀረጸው ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው ገራዶ ሜዳ ላይ ነው። ዘፋኙ ከፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ ከኋላው በሁለት ረድፍ የተሰለፉ ወጣቶች የባህል ልብስ ለብሰው እስክስታ ይመታሉ። ዘፈኑን ከልቤ እወደዋለሁ። ግን ያን ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ስከፍተው ያየሁት ሌላ ነገር ነው። በኋላው ረድፍ፣ ከግራ ሁለተኛው፣ ቀጭን፣ ጆሮው ወጣ ብሎ ራሱን የቻለ አንድ ወጣት ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«የዚህ ክሊፕ ዋናው ሰው ዘፋኙ አይደለም። ከኋላ ረድፍ ከግራ ሁለተኛውን ልጅ እዩልኝ። ሁሉም ሲወርድ እሱ ቆሟል፤ ሁሉም ሲነሣ እሱ መውረድ ትዝ ይለዋል። ካሜራውን አንድም ጊዜ አላየውም። ከግራ በኩል፣ እኛ የማናያት አንዲት ልጅ ቆማለች። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዘፈኑን አይደለም፤ ስሟን እየጠራ ነው። እንዲህ ዓይነት ፊት ያለው ሰው ወይ አፍቅሯል ወይ ተነጥቋል።»

ከዚያ በኋላ ቻናሉ የእኔ መሆኑ ቀረ። አንዷ ልጅቷ በዚያው ቀን ለሌላ ሰው ልትዳር ነበር አለች። ሌላዋ ልጅቷ የዘፋኙ እኅት ናት፤ ለዚያ ነው ልጁ የፈራው ስትል ጻፈች። የሆጤ ሰፈር ልጅ ነኝ ያለ አንድ ሰው ደግሞ በክሊፑ መሐል ላይ የቀይ ሻሽ ጫፍ አይቻለሁ ብሎ ማለ። ሰው ሥራ ፈቶ ሻሽ ፍለጋ ገባ። እኔም ነገሩ ስለጣመኝ የልጁን ፊት አቅርቤ፣ ቀስ እንዲል አድርጌ እንደገና ለጠፍኩት። ከሥሩም «የገራዶዋ ልጅ ሆይ፣ የት ነሽ?» አልኩበት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ሚኒባሱ ኩርባ ላይ አልነበረም፤ ረጋ ብዬ አስቤበት ነው የጻፍኳት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ክሊኒኩ ውስጥ፣ አንዲት ሂጃብ የለበሰች ወጣት መስኮቴ ላይ መጣች። ጉንጯን በእጇ ደግፋለች።

«የመጀመሪያሽ ነው ወይስ ካርድ አለሽ?» አልኳት።

«ጥርሴን አይደለም» አለችኝ። ዝቅ ብላ በመስኮቱ ቀዳዳ ታየኝ ጀመር። «የክሊፑ ቻናል ያንቺ ነው?»

ኃላፊዬ አጠገቤ አለመኖሩን አየሁና «ነው» አልኩ። ለካ አንዷ የክሊኒኩ ባልደረባችን ጎረቤቷ ኖራለች።

«ከግራ ሁለተኛው አባቴ ነው» አለችኝ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፤ አባቷ ራሳቸው የገቡ መስሎኝ ይሆናል። «አጠፋዋለሁ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አልኳት።

«አብሽሪ፣ ብታጠፊውም አይጠቅምም። እናቴ ስልኳ ላይ አስቀርታዋለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ የእኔን ጽሑፍ እያነበበች ስትስቅ እናቷ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አሳየቻቸው። እናትየው ስልኩን አንዴ አዩና «ይኼማ አባትሽ ነው፤ ጆሮውን ላጣው ነው?» አሉ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሣቅ ነበር። ቀጥለው ጽሑፉን አስነበቧት። ከዚያ ሁለተኛውን። ገራዶ የምትለዋ ቃል ጋ ሲደርሱ ሣቁ ቆመ። ለካ ባልና ሚስቱ ከመጋባታቸው በፊት የአባትየው አክስት ሌላ ልጅ አጭተውላቸው ነበር፤ የገራዶ ልጅ። ነገሩ ሳይሆን ቀርቶ እኚህን አገቡ። ልጆች ተወለዱ፤ ልጆቹም አደጉ። የገራዶዋ ልጅ በዚያ ቤት ውስጥ ተረስታ ኖራ፣ እኔ በቴሌግራም ጠርቼ አመጣኋት።

«አባቴን ማንን ነበር የምታየው ስትለው ‹አላስታውስም› አላት» አለች ልጅቷ። «ከዚያ ወዲህ አታናግረውም። ጨው ሲፈልግ እንኳ በእኔ በኩል ነው። እኔ ደግሞ ሱቅ ውዬ ደክሞኝ ነው የምገባው፤ ወሬ ማመላለስ ሰለቸኝ።»

«እኔ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ነይና ልጅቷን እንዳላየሻት ንገሪያት። ከራስሽ አውጥተሽ የጻፍሽው መሆኑን።»

ከሥራ ስወጣ አብሬያት ሄድኩ። ቤታቸው እዚያው ኮምቦልቻ ከገበያው ጀርባ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፤ ከሥሩ አባትየው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጺማቸውን ሂና ነክተውታል፤ ቆባቸውን እስከ ግንባራቸው ዝቅ አድርገዋል፤ ጆሮዎቻቸው ግን ከቆቡ አልፈው ልክ እንደ ክሊፑ ናቸው። ሳቄ ሲመጣብኝ ከንፈሬን ነከስኩ። በሰላምታ አልፌያቸው ልጅቷን ተከትዬ ገባሁ። እሳቸውም ከኋላችን ተነሥተው ገቡ።

እናትየው ፍራሹ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። እንደ ዳኛ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ጽሑፍሽ ጥሩ ነው፣ ማሻ አላህ። ተቀመጪ። እስቲ ልጅቷ እንዴት ያለች ናት?»

«እትዬ፣ ልጅ የለችም። ለጨዋታ ከራሴ ያወጣሁት ነው።»

«እሺ፣ ልጅቷን አላየሻትም» አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። ስልካቸውን አውጥተው የራሴን ጽሑፍ ለራሴ አነበቡልኝ፤ ከእኔ ይልቅ ያምርባቸዋል። «‹እንዲህ ዓይነት ፊት ያለው ሰው ወይ አፍቅሯል ወይ ተነጥቋል።› ይኼ ሐሰት ነው? ፊቱ እንደዚህ አይደለም?»

አባትየውን አየኋቸው። እሳቸውም በተስፋ አዩኝ። መዋሸት ነበረብኝ።

«ፊታቸውስ… እንደዚያ ነው» አልኩ።

ልጅቷ እግሬን ረገጠችኝ።

«ምስክር ብለው ያመጡልኝ ይህችን ነው» አሉ አባትየው፣ ለጣሪያው።

«አባትሽን ጠይቂልኝ» አሉ እናትየው ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ባልየው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠው ሳለ። «ያን ቀን ገራዶ ምን ይሠራ ነበር?»

«አባ፣ ያን ቀን ገራዶ ምን ይሠሩ ነበር ትላለች።»

«የጭነት መኪና ረዳት አልነበርኩም እንዴ? መኪናችን ተበላሽታ ቆማ ነው በያት። ሰዎቹ ካሜራ ተክለው ሲያስጨፍሩ ልናይ ወረድን። ጨፋሪ ጎድሏቸው ኖሮ እኔንና ሾፌሩን ጎትተው አስገቡን። ምሳ አበሉን። አለቀ።»

«ማንን ነው የሚያየው በይው።»

«አባ፣ ማንን ነው…»

«ሰማሁ» አሉ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና መልሰው አደረጉት። ከዚያ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ፣ ቀስ ብለው፣ «ላም ነው» አሉ።

«ምን አለ?» አሉ እናትየው።

«ወላሂ ላም ነው የማየው። የነጠቀችኝም ላም ናት።»

እናትየው ልጃቸውን ተመለከቱ። «ከሰው ወደ ከብት ወረደ በይው» አሉ።

ሽማግሌው ግን አንዴ ከጀመሩ በኋላ አላቆሙም። የባህል ልብሱን ሲሰጧቸው የራሳቸውን ሸሚዝ አውልቀው ቁጥቋጦ ላይ ሰቀሉት። ዘፈኑ እንደተጀመረ አንዲት ላም መጣች፤ ሸሚዙን አሸተተች፤ ከዚያ እጅጌውን ያዘች። አስጨፋሪው ደግሞ አስቀድሞ «መስመር የሰበረ ሰው ካለ ከመጀመሪያው እንጀምራለን» ብሏል።

«ፀሐዩ ያነደናል፤ ሰው ሁሉ ደክሟል፤ ብዙ ጊዜ ደጋግመነዋል» አሉኝ፣ እኔ ብቻ የማምናቸው ስለመሰላቸው ወደ እኔ ዞረው። «ሮጬ ብሄድ ሁሉም የሚረግመው እኔን ነው። ከንፈሬ የሚንቀሳቀሰው ‹ሂጂ፣ ሂጂ አንቺ› እያልኳት ነው። የዘፈኑ ድምፅ ይበልጠኛል። ትከሻዬን ሰጠኋቸው፤ ዓይኔን ከየት ላምጣ?»

ማንም አልሳቀም። ሁላችንም እናትየውን ነበር የምናየው። እሳቸው ደግሞ፣ «ላሟን አሳየኝ በይው» አሉ።

ልጅቷ ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። ክሊፑ በትልቁ መጣ፤ ያኔ የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት የነበሩት አባትየው በዚያ ሁሉ መስመር መሐል እየተሠቃዩ ተውረገረጉ። አሁን ታሪኩን ካወቅን በኋላ ፊታቸውን ማየት ይከብዳል። ከንፈራቸው በእርግጥ «ሂጂ» ነው የሚለው። ግን ላሟ የለችም። ዘፋኙ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ዘፋኙ እንደገና አለ።

ያን ጊዜ አመሌ ጠቀመኝ። ሁሉም ጨፋሪዎቹን ሲያይ እኔ ጥግ ጥጉን እያየሁ ነበር። ወደ ማለቂያው ላይ ካሜራው ወደ ኋላ ሸሽቶ ሜዳውን በሙሉ ሲያሳይ፣ በግራው ጠርዝ ላይ አንድ ቡናማ ነገር ገባ።

«እዚህ ጋ አቁሚው» አልኳት።

ላም ናት። ግማሽ አካሏ ብቻ፣ ግን ላም ናት። ከአፏ ሰማያዊ ነገር ተንጠልጥሏል።

አባትየው በሁለት እጃቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱ። እናትየው ተነሡ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪል ቀረቡ።

«አንገትጌው ይታያል» አሉ በመጨረሻ። «ይኼ እናቴ ለኒካሁ፣ ለሙሽርነትህ ያሰፋችልህ ሸሚዝ ነው።»

«ያሰፋችልህ» ነው ያሉት። ልጅቷና እኔ ተያየን፤ በቀጥታ አናገሯቸው ማለት ነው። ሽማግሌው ግን ደስ አላላቸውም። ለካ «አላስታውስም» ያሉበት ምክንያት ይህ ኖሯል።

«የመኪና መንጠቆ ቀደደው ብለህ ነው የነገርከኝ» አሉ እናትየው።

«ላም በላችው ብል ማን ያምነኛል? ኒካሁ ደግሞ ገና አልታሰረም ነበር።»

እናትየው ፍራሹ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይርገበገብ ጀመር። ልጅቷ ደንግጣ አጠገባቸው ሄደች፤ እኔ የሚያለቅሱ መስሎኝ ልሹለክ ቦርሳዬን ፈለግኩ። ሻሹን ሲገልጡት ግን እየሳቁ ነው፤ ሳቁም ማቆሚያ አጣ። ላሟን በእጃቸው ያሳያሉ፣ መናገር ያቅታቸዋል፣ እንደገና ይስቃሉ። እኛም ተከተልናቸው። አባትየው ብቻ ገና ፍርዱ ያልተሰጠ ሰው ይመስል በጥርጣሬ ያዩን ነበር፤ ደግሞም ትክክል ነበሩ።

«እናቴ» አሉ እናትየው እንባቸውን እየጠረጉ፣ ፊታቸው ድንገት ኮስተር ብሎ፣ «አንተ መንገድ በወጣህ ቁጥር ‹ከመንጠቆው ተጠንቀቅ ልጄ› እያለች አይደለም እንዴ የኖረችው? አንድ ቀን እንኳ አዘንኩላት አላልክም። መንጠቆ እንደፈራች ነው የሞተችው።»

ይህ ክርክር እኔ እዚያ እስከቆየሁ ድረስ ቀጠለ። ሳምቡሳ ቀረበ፤ ክርክሩ ከሳምቡሳው በላይ ያልፋል። አባትየው ሸሚዙን ሊተኩ ያደረጉትን ጥረት ይዘረዝራሉ፤ እናትየው ባላቸው ለኒካሁ የለበሱት የሾፌሩ ጃኬት እንዴት እንዳስጠላቸው ያስታውሳሉ። ልጅቷ ግን እግሯን ዘርግታ ትበላለች። ማንም ምንም አድርሺልኝ አላላትም። ስወጣ እናትየው እስከ በር ሸኙኝ።

«የሌለችውን እንደጻፍሽ፣ ያለችውንም ጻፊ» አሉኝ። «ልጅ አልነበረችም፤ ላም ናት በያቸው።»

አባትየው ከኋላቸው ሆነው አከሉ። «ጭፈራ ስለማይችል አይደለም የዘገየው ብለሽም ጻፊ።»

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ጻፍኩት፤ የማን አባት እንደሆኑ ሳልጠቅስ፣ ላሟን በቀይ ከብቤ። ተከታታዮቼ አዘኑ። ብዙዎቹ ላሟን ለመቀበል እምቢ አሉ። አንዷ «ላሟ የልጅቷ ቤት ላም ትሆናለች» ብላ ጻፈች። የሆጤው ሰውዬ ደግሞ ሰማያዊውን ነገር እያየ ሻሹ ቀይ ሳይሆን ሰማያዊ ኖሯል አለ። ከዚህ በላይ ልረዳቸው አልቻልኩም።

ልጅቷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ አባቷ መስጊድ ውስጥ ጓደኞቻቸው ያፍሩባቸዋል ብለው ሰግተው ኖሯል። ጓደኞቻቸው ግን ክሊፑን ካየነው ቆየን፣ እስክትነግረን እየጠበቅን ነበር አሏቸው። ከመሐላቸው አንዱማ በፊተኛው ረድፍ ከቀኝ የመጨረሻው እኔ ነኝ ብሎ ተናግሮ ዋለ፤ ሆኖም ማንም አላመነውም።

ባልና ሚስቱ አሁን ከመግሪብ ሶላት በኋላ የድሮ ክሊፕ አብረው ያያሉ። እናትየው በየክሊፑ ውስጥ የባላቸውን ጆሮ ይፈልጋሉ። አባትየው ደግሞ አልፎ አልፎ፣ በልጃቸው ስልክ፣ ደስ ያላቸውን ክሊፕ ከድምፅ መልእክት ጋር ይልኩልኛል። እኔም እየጻፍኩ እለጥፈዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ የእሳቸው ይወደዳል። ባለፈው የላኩት ወንዝ ዳር ቆሞ ስለ መለየት የሚዘፍን ሰው ነበር። መልእክታቸውን ከሥራ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከፈትኩት።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ዘፈኑ ጥሩ ነው። ይህ ልጅ ግን ስለ ሴት አይደለም የሚያለቅሰው። ጫማው አዲስ ነው፤ ውሃው እየደረሰበት ነው። የቆመበትን ድንጋይ እይው፣ ከመጀመሪያው ሁለት ጊዜ ቀይሮታል።»

አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ ቀይሮታል።